ሬዲስን ከውጭ ሆኖ ለመከታተል ምን ትጠቀማላችሁ?

የገላኑ፦
ሰላም ጓዶች። ገላን ያለ የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ነው የምሰራው፣ የትዕዛዝ ሲስተማችን የሾፌሮቹን ሴሽንም (ሲስተሙ ውስጥ መግባታቸውን የሚያስታውሰውን) የትዕዛዝ ወረፋውንም ሬዲስ (ዳታን ራም ላይ የሚይዝ ዳታቤዝ) ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ 8 ጊጋ ራም ያለው አንድ ኡቡንቱ ሰርቨር ነው ያለን፣ ፖስትግሬስም (ሌላው ዳታቤዝ) እዛው ላይ ነው። ችግሩ ምንድነው ስራ ሲበዛ ሬዲሱ ድንገት ይዘጋና ራሱ ተመልሶ ይነሳል፣ የራሱ ሎግ ላይ ደሞ ለምን እንደዘጋ አንድም መስመር የለም፣ ሾፌሮቹ "ሲስተሙ አስወጣን" እያሉ ስልኬን ያቃጥሉታል። አለቃዬ ከመዘጋቱ በፊት የሚነግረን ነገር አስገባ ብሎኛል። ፕሮሚቲየስ (የሰርቨር ቁጥሮችን የሚሰበስብ) እና ግራፋና (በግራፍ የሚያሳይ) ሲባል እሰማለሁ፣ እዛው ሰርቨር ላይ ልጫናቸው ወይስ ሌላ ማሽን የግድ ነው? ለጊዜው ሞኒተር የሚለውን ኮማንድ ለቅቄ ቁጭ ብዬ እያየሁት ነው።

ሰበታ_ኖድ፦
ወንድሜ መጀመሪያ ያንን ሞኒተር ዝጋልኝ 😅 እያንዳንዱን ኮማንድ ነው ላንተ የሚገለብጥልህ፣ ሬዲሶች ራሳቸው ዶክመንቴሽናቸው ላይ ባሳዩት ሙከራ አንድ ሞኒተር ብቻ ፍጥነቱን ከግማሽ በላይ አውርዶታል። ስራ በሚበዛበት ሰዓት ከለቀቅከው በቁስል ላይ እንጨት ነው።

ሎጉ ባዶ የሆነው ደሞ እንደኔ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ስለገደለው ነው። ራም ሲያልቅ ሊኑክስ ብዙ የበላውን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል፣ የሚገደለው ደሞ ምንም ለመጻፍ ጊዜ አይሰጠውም። ስለዚ የከርነሉን ሎግ እይ፣ በዲመሴጅ (dmesg) ወይ በጆርናልሲቲኤል (journalctl) ኮማንድ። ማክስሜሞሪ (ሬዲሱ የሚይዘው የራም ገደብ) ሞልተሃል? 64 ቢት ላይ ሳይነካ ከተተወ 0 ነው፣ ማለትም ገደብ የለውም፣ እስኪያልቅ ይበላል።

የገላኑ፦
አየሁት፣ "አውት ኦፍ ሜሞሪ" ብሎ የሬዲስን ስም ጽፎታል። ማክስሜሞሪም 0 ነው። እና ስንት ላድርገው?

ሰበታ_ኖድ፦
ፖስትግሬስ አብሮ ስላለ ከ3 ጊጋ ጀምር። ሬዲስ ስናፕሾት (የዳታውን ቅጂ ዲስክ ላይ) ሲያስቀምጥ ፎርክ ያደርጋል (ራሱን ያባዛል)፣ በዛን ሰዓት የሚጻፍ ነገር ከበዛ ከገደቡ በላይ ተጨማሪ ራም ይፈልጋል፣ ለዛ ትርፍ ተውለት። ሲሞላ የቱ ይሰረዝ የሚለው ፖሊሲ ላይ ግን ተጠንቀቅ፣ ኦልኪስ (ሁሉንም) ካልከው ሲሞላ ወረፋህንም ሊጥልልህ ይችላል፣ ቮላታይል የሚሉት ግን ማብቂያ ጊዜ የተሰጠውን ብቻ ነው የሚነካው፣ ሴሽኖችህ ማብቂያ ካላቸው እነሱ ይሄዳሉ ወረፋው ይተርፋል።

ሊኑክስ_ከጣፎ፦
ወደ ጥያቄው ልመልሳችሁ። ሬዲስ ኤክስፖርተር የሚባል በጎ (Go) ቋንቋ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ እሱ ከሬዲሱ ጎን ይቀመጥ፣ ኢንፎ የሚለውን ኮማንድ እየጠየቀ ቁጥሮቹን በ9121 ፖርት ያወጣልሃል፣ ኢንፎ ደሞ እንደ ሞኒተር አያደክምም። ፕሮሚቲየስ ራሱ እየመጣ ከዛ ይለቅማል። ፕሮሚቲየስንና ግራፋናን ግን እዛው ሰርቨር ላይ እንዳትጭናቸው፣ ራም ያለቀበት ማሽን ላይ ራም ልትጨምርበት ነው እንዴ? ሰርቨሩ ሲሞት ጠባቂውም አብሮ ይሞታል።

ሬዲስ ላይ ከስሪት 6 ጀምሮ ኤሲኤል (ለየዩዘሩ ፈቃድ መወሰኛ) ስላለ ለኤክስፖርተሩ ለብቻው ዩዘር ፍጠርለት፣ ለመሰረታዊዎቹ ቁጥሮች ዳታህን ማንበብ አያስፈልገውም። 6379ንም (የሬዲሱን ፖርት) 9121ንም ለኢንተርኔት እንዳትከፍት አደራ፣ ዋየርጋርድ (ቪፒኤን ነው) ተጠቀም።

የገላኑ፦
እና ፕሮሚቲየሱን ውጭ ቪፒኤስ (የሚከራይ የኢንተርኔት ሰርቨር) ላይ ላድርገው? እዚህ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ሰርቨሩን ይይዘዋል ኢንተርኔቱ ግን ወዲያው ነው የሚጠፋው።

ሊኑክስ_ከጣፎ፦
ቪፒኤስ ላይ አድርገው ባይ ነኝ፣ መብራት ቢሄድም ቢመጣም እሱ አይነካውም።

ሰበታ_ኖድ፦
እኔ አልስማማም። ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር ግራፉ ላይ ባዶ ቦታ ይኖራል፣ ፕሮሚቲየስ ያመለጠውን ተመልሶ አይለቅምም፣ አንተ ደሞ ማየት የምትፈልገው ልክ ያንን ሰዓት ነው። መጋዘኑ ውስጥ አሮጌ ላፕቶፕ ፈልግና እሱ ላይ ጫነው (ባትሪው የሚይዝ ከሆነ)፣ ራውተሩንና ስዊቹንም ዩፒኤሱ ላይ ሰካቸው። ውጭ የሚያስፈልግህ ዝም ስትል የሚጮህ ነገር ብቻ ነው፣ አፕታይም ኩማን (ሲስተም መኖሩን የሚከታተል ፕሮግራም) ቪፒኤስ ላይ አድርግና ከላፕቶፑ በየደቂቃው "አለሁ" ይላክለት፣ ከቀረ ቴሌግራም ላይ ይነግርሃል።

ሊኑክስ_ከጣፎ፦
እሺ ይሄኛው ይሻላል። አለርት ስትጽፍ ደሞ ሁለቱን "አፕ" አታምታታቸው፣ ተራው አፕ 0 ከሆነ ኤክስፖርተሩ ጋር መድረስ አልተቻለም ማለት ነው፣ ሬዲስ አፕ 0 ከሆነ ግን ኤክስፖርተሩ አለ ሬዲሱ ነው የማይመልሰው።

የገላኑ፦
ተባረኩ። ላፕቶፕ አንድ አለ፣ ስክሪኑ የተሰበረ። ሌላ ምን አለርት ላድርግ?

ሰበታ_ኖድ፦
ስክሪን ምን ያደርግልሃል። ሜሞሪው ከማክስሜሞሪው 80 በመቶ አልፎ ለ5 ደቂቃ ከቆየ፣ ኢቪክትድ ኪስ (ቦታ ሲጠፋ የተጣሉ ዳታዎች ብዛት) መጨመር ከጀመረ፣ የመጨረሻው ስናፕሾት ካልተሳካ፣ አፕታይሙ (ሬዲሱ ከተነሳ የቆየበት ጊዜ) ወደ 0 ከተመለሰ። የፍራግመንቴሽኑን (የራም መበጣጠስ) ቁጥር ለጊዜው ተወው፣ ዳታው ትንሽ ሲሆን ያለ ምክንያት ከፍ ይልና በሌሊት ይቀሰቅስሃል።