ክርክር፦ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በሩን ከፈቱልን፤ ቄሶቻችንስ?

ከአሽዶድ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቢ ኦቫድያ ካረፉ ከ10 ዓመት በላይ ሆነ፤ ስማቸው በተነሳ ቁጥር ግን አሁንም እንከራከራለን። እኔ ባለውለታችን ናቸው ባይ ነኝ። በ1973 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) በእስራኤል የስፋራድ፣ ማለትም ከስፔን፣ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ አይሁድ፣ ዋና ረቢ ሳሉ፣ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የመጡ አይሁድ ናቸው፣ ወደ እስራኤል ማምጣትም ግዴታ ነው ብለው ጻፉ። በ2 ዓመቱ የእስራኤል መንግሥት አይሁድ ሁሉ ገብተው ዜጋ እንዲሆኑ የሚፈቅደውን የመመለስን ሕግ ለእኛም አጸና። ያ ደብዳቤ ባይኖር ከሱዳን ወደ እስራኤል ያሻገረን የዘመቻ ሙሴ አውሮፕላን ይመጣ ነበር? አይመስለኝም።

ከናታኒያ፦ ልጄ፣ ደብዳቤው ብቻውን አላመጣንም። ሱዳን ድረስ በእግራችን የሄድነው እኛ ነን፤ መንገድ ላይ የቀሩትም የእኛው ናቸው። ውለታቸውን ግን አልክድም። በ1985 ራባኑት፣ ጋብቻችንን የሚያጸድቀው የእስራኤል የረቢዎች መሥሪያ ቤት፣ "ውኃ ውስጥ ካልገባችሁ አናጋባችሁም" ሲለን፣ ኢየሩሳሌም ደጃፉ ላይ አንድ ወር ያህል ተቀምጠናል። ረቢ ኦቫድያ ያኔ ከሥልጣን ወርደዋል። "ግዩር (ውኃ ውስጥ ገብቶ ወደ አይሁድነት የመለወጥ ሥርዓት) አያስፈልጋቸውም" ከሚለው ቃላቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

ከርሖቦት፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔን የሚያመኝ ሌላ ነው። አያቴ ቄስ፣ የእኛ የቤተ እስራኤል ካህን፣ ነበሩ። ጎንደር ስንቱን አጋብተዋል! በእህቴ ሠርግ ላይ ግን ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከእንግዳ ጋር ተቀመጡ። ሑጳው (የሠርጉ ድንኳን) ሥር ቆሞ የባረከው ጢሙ ገና ያላደገ ወጣት ረቢ ነው። አያቴ ምንም አላሉም። ቀና ብለው ግን አላዩም። ረቢ ኦቫድያ አይሁድነታችንን ተቀበሉ፤ እሱን ጠብቆ ያቆየልንን ሥርዓት ግን አልተቀበሉም።

ከሃይፋ፦ እህቴ፣ ይህ በእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። ሰውዬው ባግዳድ ተወልደው በ4 ዓመታቸው ግድም ኢየሩሳሌም የገቡ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የታገሉት ለአንድ ነገር ነው፦ በእስራኤል ምድር ያለ ስፋራድ ሁሉ የዮሴፍ ካሮን የሕግ መጽሐፍ፣ ሹልሃን አሩኽን፣ ይከተል። ለዚህ ሲሉ የገዛ ባግዳዳቸውን ታላቅ ሊቅ፣ የቤን ኢሽ ሐይን ብይን እንኳ ተቃውመዋል። ደግሞ በ1973ቱ ጦርነት ባሎቻቸው ደብዛቸው የጠፋባቸውን ሴቶች አስቡ። እንደገና ማግባት እንዲችሉ መዝገብ በመዝገብ አገላብጠው መውጫ የፈለጉላቸው እሳቸው ናቸው። እኛንም ያዩን በዚሁ ዓይን ነው። የ16ኛው ክፍለ ዘመን የካይሮ ረቢ፣ ራድባዝ፣ ከሐበሻ ምድር ተማርካ ስለመጣች አይሁዳዊት የጻፈውን አንስተው ነው የፈረዱልን።

ከርሖቦት፦ ወንድሜ፣ ናቁን አላልኩም። ግን ለባግዳዱ ከልማዱ ጥቂቱ ነው የተነካበት። እኛ ታልሙድ፣ የረቢዎቹ የሕግ ትርጓሜ፣ ሳይደርሰን በኦሪት የኖርን ሕዝብ ነን። ከእኛ ሙሉው ነው የተወሰደው።

ከቤርሳቤህ፦ እኔ አፋቸውን ነው ይቅር ማለት የሚያቅተኝ። በ2000 በሆሎኮስት ያለቁትን ዳግም የተወለዱ የኃጢአተኞች ነፍሳት ናቸው አሉ። በ2010 አሕዛብ የተፈጠሩት አይሁድን ለማገልገል ነው አሉ። እኔ ሥራ ቦታ ከአረቦች ጋር አንድ ማዕድ እቆርሳለሁ። ነፍስ ለማዳን ሲባል ለአረቦች መሬት መልቀቅ ይፈቀዳል ያሉትም እኚሁ ሰው መሆናቸው የበለጠ ያሳዝነኛል።

ከአሽዶድ፦ እሱን አልከላከልም፤ ትልቅ ጥፋት ነው። ግን በ2013 ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ፖሊስ 800 ሺህ ያህል ሰው ወጣ ብሎ ገምቷል። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንዲት እናታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ "የመሰከሩልን እሳቸው፣ የመሰከሩልን እሳቸው" እያሉ ያለቅሱ ነበር። እኚህን እናት ምን ልበላቸው?

ከናታኒያ፦ ምንም አትበላቸው፤ እውነታቸውን ነው። ራባኑት ራሱ ያንን ብይን በይፋ መቀበሉ የተሰማው በ2020 ነው፤ 47 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ከእሳቸው ቃል ሌላ ምን ነበረን?

ከርሖቦት፦ ጋሼ፣ ልቅሶውንስ እኔም አልነቅፍም። ግን 47 ዓመት ለብይኑ ከጠበቅን፣ ቄስ የልጅ ልጁን ሑጳ ሥር ቆሞ እንዲያጋባ ስንት ዓመት እንጠብቅ? ልጄ ለመጪው ክረምት ታጭታለች። የአያቴ ታናሽ ወንድም ቄስ ናቸው፤ በሕይወት አሉ።

ከናታኒያ፦ በይ አድራሻውን ላኪልኝ። ራባኑት ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ።