የጣና ቴም፦ ምኑ ያሳልፍ፣ ምኑ አያሳልፍ? (የዕቅድ ውይይት)

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በማኅበራችን ስም የምናወጣው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ቴም (የስክሪኑ መልክ፦ ቀለሙ፣ ምስሉ፣ አይከኑ) ረቂቅ ይኸው። ዎልፔፐሩ የጣና ፎቶ ነው። ፓነሉ፣ ማለት ሰዓትና ሜኑ ያለበት አሞሌ፣ መስታወት መስሎ ሐይቁን ያሳያል። ከሜኑው ጀርባ የዑራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕል ደብዘዝ ብሎ ይገባል። አይከኖቹ ታንኳ፣ ፔሊካንና ደንገል ናቸው። ምስሎቹ በሙሉ ባክግራውንድ የሌላቸው፣ ከኋላቸው ያለውን የሚያሳልፉ ይሁኑ ብያለሁ። የሚቀነስ የሚጨመር ካለ በሉ።

የፔዳዋ፦ «በሙሉ» የምትለዋ ትውጣ። ከዎልፔፐር ኋላ ምንም የለም፤ ምኑን ያሳልፋል? እሱ በጄፔግ ይቀመጥ። ጄፔግ ትራንስፓረንሲ (የኋላውን ማሳለፍ) አይዝም፣ ለፎቶ ግን ፋይሉ ቀላል ነው። ጂፍን ተዉት። እሱ ዘንድ ፒክስል ወይ ይታያል ወይ አይታይም፤ መሀል የለም። የደንገሉ ጫፍ አይጥ የበላው ይመስላል። ፒኤንጂ ግን ምን ያህል እንደሚያሳልፍ በሚይዘው በአልፋ ቻናሉ ለየፒክስሉ ከ0 እስከ 255 ደረጃ ይሰጣል። ጫፍ የሚለሰልሰው በዚህ ነው።

የሽምብጡ፦ ታንኳ ከፎቶ ሲቆረጥ የውሃው ቀለም ጫፉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በራሳችን ዎልፔፐር ላይ አይታወቅም። ሰው ሌላ ዎልፔፐር ሲያደርግ ግን ዙሪያውን ሰማያዊ ክር ብቅ ይላል። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ውስጥ ይግባ፦ ማንኛውም አይከን በነጭም በጥቁርም ላይ ሳይታይ አይጸድቅም። ጂምፕ በሚባለው የምስል ማስተካከያ ላይ ከሥር ባለቀለም ሌየር (ንጣፍ) ጣል ማድረግ ነው፣ ምንም ሥራ የለውም። እንዲያውም በመሣያው ፕሮግራም በኢንክስኬፕ ብንሥለው ይሻላል። ኤስቪጂ፣ ማለት በፒክስል ሳይሆን በመስመር የተሣለ ምስል፣ ከሆነ በፈለግነው መጠን ይወጣል።

የፔዳዋ፦ ይወጣል፣ ግን በ16 ፒክስል የደንገሉ እስር ሁሉ አንድ ላይ ተጨፍልቆ ሙዝ ይሆንብሃል። ለትንሹ መጠን ለብቻው ቀለል ያለ ይሣል።

የዘጌው፦ ልጆች፣ በርቱ። ስለ ሥዕሉ ግን አልስማማም። ቅዱስ ሥዕል አደብዝዞ ከላዩ የፋይል ስም መደርደር ነውር ነው። ደግሞ የፈቃድ ጉዳይ አለ። ይልቅ ሐረጉን፣ የተጠላለፈውን ጌጥ፣ አድርጉበት። እሱ ድሮም በብራና መጻሕፍት ላይ ለጌጥ የሚሠራ ነው። ከነባሩ ሳትገለብጡ አዲስ ሣሉ።

የሽምብጡ፦ ጋሼ ልክ ነዎት። ሐረግ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ ይሄዳል፣ መሀሉ ባዶ ሆኖ ያሳልፋል።

የፔዳዋ፦ አሁን ወደ ፓነሉ። ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ፊደላችን የሚለየው በትንንሽ ቅጥያ ነው። «ቡ» እና «ቢ»ን የሚለያቸው ቅጥያዋ መሀል ወይም ታች መሆኗ ብቻ ነው። ከኋላ ማዕበል ሲያብረቀርቅ ማን ይለያቸዋል? ለተራ ጽሑፍ በዓለም አቀፉ የዌብ ተደራሽነት መመሪያ የተቀመጠው የንፅፅር ዝቅተኛ ልክ 4.5 ለ 1 ነው፤ እኛም እሱን እንያዝ። ፓነሉ በምስል አይሠራ። የመስኮቶቹን መልክ በሚወስነው ፋይል በጂቲኬ ሲኤስኤስ ውስጥ የጀርባውን ቀለም በአርጂቢኤ (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና አልፋ)፣ አልፋውን 0.85 አድርገን እንጻፈው፤ እዚህ 0 ሙሉ በሙሉ ያሳልፋል፣ 1 ምንም አያሳልፍም። ያልወደደው ሰው አንድ ቁጥር ይቀይራል። «ኦፓሲቲ» ብለን እንዳንጽፍ ብቻ፤ ያን ጊዜ ጽሑፉም አብሮ ይደበዝዛል።

ሰብሳቢ፦ እኔ እንኳ መስታወቱን ወድጄው ነበር። 0.6 ብናደርገውስ?

የፔዳዋ፦ እሺ፣ ጀልባ ያለበት ፎቶ ላይ አስቀምጠህ ሰዓቱን አንብብልኝ።

የሽምብጡ፦ አንድ ነገር ልጨምር። አሮጌ ማሽን ያላቸው ኮምፖዚተሩን፣ መስኮቶችን አነባብሮ የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ያጠፉታል። ያኔ ማሳለፍ የሚባል ነገር የለም፤ ባዶው ቦታ ጥቁር ሆኖ ሊወጣም ይችላል። ስለዚህ የማያሳልፍ ሁለተኛ ቅጂ አብሮ ይውጣ፣ ጥቅጥቅ ያለ ሰማያዊ።

ሰብሳቢ፦ ይሁን፣ 0.85 ይጻፍ። ሥዕሉ ወጥቶ ሐረግ ገብቷል። የነጭና የጥቁሩ ፍተሻ፣ ባለ 16 ፒክስሎቹ አይከኖችና ሁለተኛው ቅጂም ገብተዋል። ሲኤስኤሱን የፔዳዋ፣ አይከኖቹን የሽምብጡ ያዙ። ሐረጉን ጋሼ ይዩልን። የቀረው ፎቶው ነው፤ የራሱ የአንሺው ፈቃድ ያለው፣ እምቦጭ ያልሸፈነው።

የዘጌው፦ እምቦጭ የሌለበትን እኔ አነሳላችኋለሁ። ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሣ።