የቅጥቅጥ አይሱዙ መሪ ሳጥን ዘይት ይጥላል፤ ጅማ ያላችሁ ባለሙያዎች ድረሱልኝ

ቅጥቅጡ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው። የመሪ ሳጥኑ ዘይት ይጥላል፤ ማታ የተሞላው ጠዋት የለም፣ መሬቱ ቀይ ሆኗል። መሪውም በባዶ ይዞራል፤ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ እንኳን ግራ ቀኝ ማለት ነው። ነገ ንጋት ላይ ሰው ይዞ ወደ ሚዛን ተፈሪ መውጣት አለበት። ሙሉ ሳጥን ልቀይር ወይስ ጎሚኒ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ብቻ ይበቃል? እጄ ላይ ያለው የፍሬን ዘይት ነው፤ እስከዚያ እሱን ልጨምርበት?

ናፍጣ፦
ሳሙና ለጥፍበት። ለነዳጅ ታንከር የሠራ ለመሪ ምን ያቅተዋል?

አሮጌ ሹፌር፦
የፍሬን ዘይት እንዳታደርግ! እዚያ ሳጥን ውስጥ ያለው ጎሚኒ የተሠራው ለማዕድን ዘይት ነው፤ የፍሬን ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ አንዱ ብቻ ሳይሆን የፓምፑም የቱቦውም አብሮ ይሄዳል። ቀይ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ዴክስሮን የሚለውን ግዛ። ደግሞ ምን ዓይነት ዘመን መጣ፣ መሪው በባዶ እየዞረ ሰው ጭኖ የጎጀብን ቁልቁለት ለመውረድ የሚያስብ! ዘይቱ ቢያልቅ መሪው ጨርሶ አይጠፋም፣ ነገር ግን እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ያ ደግሞ ኩርባ መሀል ላይ ነው የሚሆነው። ፓምፑም በደረቁ ሲዞር ራሱን ይበላል። ጉዞውን ለሌላ መኪና ስጥ።

ፈጣን 3፦
ቀላል ነው። ሳጥኑ ላይ ያለችውን ብሎን ሩብ ዙር አጥብቅ፣ ያልቃል።

ሰርቦ፦
ወንድሜ፣ በባዶ ስለዞረ ሳጥኑ ነው ያለህ ማነው? መጀመሪያ አረጋግጥ። አንድ ሰው ሞተር አስነስቶ መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፣ አንተ ከሥር ተኝተህ እይ። ወደ ሳጥኑ የሚገባው ዘንግ እየዞረ ፒትማኑ (ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ) ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ ሳጥኑ ነው። ፒትማኑ ወዲያው ተንቀሳቅሶ ጎማው ከዘገየ ቴስቲና (የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ መጋጠሚያ) ወይም የጎማው ፔርኖ (ጎማው ግራ ቀኝ የሚዞርበት ፒን) ነው። መሪው ዞሮ የሳጥኑ መግቢያ ካልዞረ ደግሞ የመሪው ክሮቼራ (የመሪው ዘንግ የሚታጠፍበት መጋጠሚያ) አልቋል። ቅጥቅጥ ላይ ክሮቼራው ወለሉ ሥር ጭቃ እየጠጣ ነው የሚኖረው፣ ማንም አይቀባውም።

ዳዶ ፈቺ፦
ሰርቦ ልክ ነው። ስለ ዘይቱም እንዲሁ፤ ከየት ነው የሚወጣው? ዘይት ከላይ ወርዶ ከታች ይንጠባጠባል፣ ስለዚህ የሚንጠባጠብበት ቦታ ሁልጊዜ የሚያፈስበት አይደለም። ሳጥኑን በናፍጣ እጠብ፣ በአየር አድርቅ፣ ሞተር አስነስተህ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙርና በባትሪ ተመልከት። ዳር ላይ ግን ከ5 ሴኮንድ በላይ አትያዘው፤ ግፊቱ ጣሪያ ላይ ስለሚሆን ፓምፑ ይግላል። የምታያቸው ቦታዎች፦ የቱቦዎቹ መጋጠሚያ፣ የመግቢያው ዘንግ ጎሚኒ፣ የጎን ክዳን፣ ከፒትማኑ በላይ ያለው ጎሚኒ።

ፈጣን 3፦
ብሎኗን ሩብ ዙር። ስንት ጊዜ ልበል።

ዳዶ ፈቺ፦
ብሎኗ የጥርሱን ክፍተት ታስተካክላለች፣ ዘይት አታቆምም። ደግሞ ጥርሱ የተሠራው መሀል ላይ ጠበቅ፣ ዳር ላይ ላላ እንዲል ነው። መሪውን ጠምዝዘህ ካጠበቅሃት ቀጥ ስትል ይነክሳል፣ ከኩርባ በኋላም መሪው ራሱ አይመለስም። መሀል ላይ አቁሞ፣ መቆለፊያ ዳዶውን ፈትቶ፣ በጥቂቱ ነው። የተበላ ጥርስ ደግሞ በብሎን አይድንም።

ቅጥቅጡ፦
ታጥቦ ታየ። የሚያፈሰው ከታች ነው፣ ከፒትማኑ በላይ። ክንዱን ይዘን ስንነቀንቀው ዘንጉ ራሱ ወደ ጎን ይወዛወዛል። ጎሚኒ ብቻ ልቀይር?

ዳዶ ፈቺ፦
ወደ ጎን ከተወዛወዘ የመርፌ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ባለ ቀጫጭን ሮለር ማረፊያ) አልቋል። አዲስ ጎሚኒ ብታስገባ ዘንጉ እየደበደበ ያሰፋዋል፣ ተመልሶ ያፈሳል። ሳጥኑ ይውረድ።

ከመፍታትህ በፊት ጎማውን ቀጥ አድርግ። ፒትማኑና ዘንጉ ላይ በነጥብ መምቻ አንድ መስመር ላይ ምልክት ምታ፤ አንድ ጥርስ ተሳስቶ ከገባ መሪው ወደ አንድ ወገን ጥቂት፣ ወደ ሌላው ብዙ ይዞራል። ዳዶውን ፈትተህ ክንዱን በፑለር (ስቦ በሚያወጣ መሣሪያ) አውጣ። በመዶሻ የዘንጉን ጫፍ የሚመታ ሰው ካየህ እጁን ያዘው፤ ጥርሱም ኩሽኔታውም ይጎዳል። እሳትም አይቀርብም።

ሳጥኑ ከወረደ በኋላ መግቢያውን ከዳር እስከ ዳር አዙረህ ዙሩን ቁጠርና ግማሹ ላይ አቁም። ፒትማን ዘንጉ ከጎን ክዳኑ ጋር የሚወጣው እዚያ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ጥርሱ ይይዘዋል። ፒስተኑ በትሉ ዘንግ (መሪው በሚያዞረው ጥምዝ ዘንግ) ላይ እንዳሻው እንዳይሽከረከር ያዘው፤ ጫፍ ከደረሰ በመካከላቸው ያሉት የብረት ኳሶች ይፈሳሉ። ከፈሰሱ አንድ ሳይቀር ለቅመህ በመጡበት ቦታ መመለስ አለብህ፤ አንድ ቢጎድል መሪው ይንቀጠቀጣል ወይም ይቆለፋል።

ጎሚኒው ሲገባ ስፕሪንግ ያለበት ከንፈር ወደ ውስጥ፣ ወደ ዘይቱ ይዙር። የዘንጉን ጥርሶች በቀጭን ፕላስተር ጠቅልል፣ ካልሆነ አዲሱን ከንፈር እንደ ምላጭ ይቆርጡታል።

ቶርኖ ቤት፦
ዘንጉን በጥፍርህ ዳብስ። ጎሚኒው የሚቀመጥበት ላይ ጥፍርህን የሚይዝ ቦይ ካለ አዲስ ጎሚኒም አይይዝም። ቦዩ ቀጭን ከሆነ በ600 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ብቻ አለስልሰው፤ በቁመቱ ከፋቅኸው ጭረቱ የዘይት መንገድ ይሆናል። ከተቻለ ጎሚኒውን 1 ወይም 2 ሚሊሜትር አዛውረህ ያልተበላው ቦታ ላይ አስቀምጠው። በብየዳ ሞልቶ መላጥ ግን የለም። ዘንጉ የተጠነከረ ብረት ነው፤ ብየዳ ያገኘው ይሰነጠቃል፣ ሲሰበር ደግሞ መሪ የለህም ማለት ነው። ይሄን እኛ ጋ ይዘው ሲመጡ እንመልሳቸዋለን።

የአጋሮ ልጅ፦
ኪቱን (የመሪ ሳጥኑን የጎሚኒ ስብስብ) «የአይሱዙ» ብለህ ብቻ አትጠይቅ። የወጣው ጎሚኒ ፊት ላይ ሦስት ቁጥር አለ፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። ከሳጥኑ ቁጥር ጋር ፎቶ አንስተህ ያዝ። እዚሁ ጅማ መርካቶ ካጣህ ሸገር ላለ ሰው ላክና ሶማሌ ተራ ያስፈልግ፣ በአውቶቡስ ይመጣል። ልኩ ስለገጠመ ብቻ የሞተር ጎሚኒ እንዳይሸጡልህ፤ የመሪው ለግፊት የተሠራ ነው፣ ሌላው ይተፋል።

ሰርቦ፦
ሳጥን ሳይወርድም ጎሚኒው ይወጣል እኮ። ክንዱንና የጎሚኒውን መያዣ ቀለበት አውጥተህ፣ ሞተር አስነስተህ መሪውን ዳር ስታደርሰው ግፊቱ ራሱ ይገፋዋል።

ዳዶ ፈቺ፦
እሱ የአሜሪካኖቹ የሳጊናው ሳጥን ላይ የታወቀ መንገድ ነው፣ አልክድም። ኩሽኔታው ለሞተ ዘንግ ግን ምን ይጠቅማል? ወለሉን በዘይት ማጠብ ነው።

አሮጌ ሹፌር፦
ከገጠመ በኋላ አየሩን ሳታወጣ እንዳትወጣ። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሳ፣ ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ደጋግመህ አዙር፣ የመሪ ዘይቱ ጠርሙስ ሲጎድል ሙላ። ሞተር የምታስነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ዘይቱ አረፋ ከሠራ ወይም ወተት ከመሰለ አየር አለው፤ አጥፍተህ እስኪረጋ ጠብቅና ድገም። የፒትማኑን ዳዶ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) እሰር፣ መቆለፊያውንም አትርሳ። ጋሪ አይደለም የምትነዳው።

ናፍጣ፦
ቅጥቅጡ፣ ሚዛን ገባህ ወይስ ሳሙና ገዛህ?

ሚኒባስ 2፦
ይቅርታ ልግባ፤ ለአባዱላም ይሄው ኪት ይሆናል?

ዳዶ ፈቺ፦
አይሆንም። አባዱላ ራክ (ወደ ግራና ቀኝ የሚንሸራተት ባለ ጥርስ ዘንግ) ነው፣ ፒትማንም ኳስም የለውም። ሌላ ጥያቄ ክፈትና የሚያፈሰው ከየት እንደሆነ ጻፍ፤ የጎን ቡቱ (የራኩን ጫፍ የሚሸፍነው ጎማ) ውስጥ ዘይት ካለ እሱንም ጨምረህ።