በፍቅር ሪያሊቲ ሾው ውስጥ የወንዶችን ጓደኝነት እንዴት እንይ?

ጦሳ ስር (ጠያቂ)

ሰላም ለጀማው። ደሴ ላይ 12 ሰው የሚሆን የውይይት ክበብ አለ፤ የሚቀጥለው ርዕስ «ወንድነት በፍቅር ሪያሊቲ ሾው» ነው። የታሰቡት የእንግሊዙ ላቭ አይላንድ፣ ዘ ባችለርና ላቭ ኢዝ ብላይንድ ናቸው። ወንዱና ሴቷ እንዴት ተዋደዱ የሚለውን ትተነዋል። የምንፈልገው ወንድ ከወንድ ጋር ያለውን ነው፤ ሲተቃቀፉ፣ ሲያለቅሱ፣ ሲተራረቡ፣ አንዱ የሌላውን ሴት «ላናግራት?» ብሎ ሲያስፈቅድ። የቱ የእውነት ነው፣ የቱ የኤዲተር ሥራ? ስንት ክፍል ይበቃል? እያየን ምን እንመዝግብ?

ሌላም አለ። ፒያሳ ላይ ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። እዚያ ግን ወሬ ይሆናል። ይሄን ልዩነት እንዴት እንያዘው?

ቦርከና

ሰላም ጦሳ። መጀመሪያ የጨዋታውን ሕግ ወረቀት ላይ አውርዱት። ከልጆቹ ጠባይ ይልቅ ጓደኝነቱን የሚሠራው ሕጉ ነው።

ላቭ አይላንድን እንውሰድ፤ ወንዶችና ሴቶች አንድ ቤት ውስጥ ኖረው እየተጣመሩ የሚፎካከሩበት ነው። አሁን ባለው መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዙ ቴሌቪዥን አይቲቪ 2 ነው፤ የበጋው የሚቀረጸው ማዮርካ ደሴት ላይ ነው፤ ሽልማቱ 50,000 ፓውንድ። ከውጭ የሚያገናኝ ስልክ የለም፣ መጽሐፍ የለም፣ ሰዓት የለም፤ ቀኑን ሙሉ ማውራት ብቻ ነው። በየጊዜው ጥንዶች እንደገና ይመረጣሉ፤ ያለ ጥንድ የቀረ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ወንዶቹ በሚመርጡበት ማታ የሴቶቹ ቁጥር ይበልጣል፤ የምትቀረው ሴት ናት። በዚያ ሰሞን ወንዶቹ የሚጠፋፉበት ምክንያት ስለሌላቸው «አንተ ማንን ልትይዝ ነው?» እየተባባሉ ይመካከራሉ። ሴቶቹ በሚመርጡበት ሰሞን ወንድ ይተርፋል፤ ትናንት ሲመካከሩ የነበሩት ዛሬ በጎን ይተያያሉ። ስለዚህ አንድ ክፍል አይታችሁ «ወንዶቹ ይዋደዳሉ» ወይም «ይናናቃሉ» ብትሉ ያያችሁት የዚያን ሳምንት ቁጥር ነው። ቢያንስ አራት ክፍል ያስፈልጋል፤ ሁለት ወንዶች የሚመርጡበት፣ ሁለት ሴቶች የሚመርጡበት።

ያነሳኸው ማስፈቀድ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። «ትንሽ ባናግራት ቅር ይልሃል?» ሲባል የሚጠየቀው ወንዱ ነው። ልጅቷ አሥር ሜትር ርቃ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች፤ እሷን የጠየቀ የለም። ከክበቡ አንዱ «ይሄማ ሽምግልና ነው» ማለቱ አይቀርም። አይደለም። ሽማግሌ የሚላከው ለልጅቷ ቤተሰብ ነው፤ እዚህ የሚለመነው ተፎካካሪው ነው። ከኛ የሚቀርበው ሚዜ ነው። ጓደኛው የያዛትን ሴት ለብቻ ጠርቶ «ከልብሽ ነው?» እያለ የሚመረምረውን ወንድ ስታዩ ሚዜን አስቡ፤ አንድ ልዩነት አለው፤ ይሄኛው ሚዜ ነገ ራሱ ሊመርጣት ይችላል።

ላቭ አይላንድ ውስጥ ካሳ አሞር የሚባለው ዙር (እ.ኤ.አ. በ2017 የገባ) ወንዶቹንና ሴቶቹን ለጥቂት ቀን በሁለት ቤት ለይቶ አዲስ ሰው ያመጣባቸዋል። ታማኝ ሆኖ የሚቆይ ወንድ በተረብ ሲዋከብ የሚታየው እዚያ ነው። አንድ ክፍል ብቻ የምታሳዩ ከሆነ እሱን አሳዩ።

ላቭ ኢዝ ብላይንድ (ከ2020 ጀምሮ) ሌላ ነገር ነው። ለ10 ቀን ያህል ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ይኖራሉ፤ በግድግዳ ተከልለው ያወራሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ወንድ ከተወዳዳሪዎቹ ፊቱን የሚያየው፣ የሚያቅፈው፣ አብሮት የሚበላው ወንድን ብቻ ነው። ሴቷ ድምፅ ናት። ይሄን ልብ ሳይሉ «እንዴት ቶሎ ተቀራረቡ!» ማለት የዋህነት ነው።

ዘ ባችለርን ብትተዉት ይሻላል። አንድ ወንድ ብዙ ሴቶች መሐል ስለሆነ የወንድ ጓደኝነት የለበትም። በምትኩ አንዲት ሴት ብዙ ወንዶች መሐል የምትሆንበትን ዘ ባችለሬትን (እ.ኤ.አ. 2003) ያዙ።

ሐይቅ ዳር

በመጨረሻው አልስማማም፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ስለ ኤዲቲንግ ግን፦

ላቭ አይላንድ ላይ 24 ሰዓት የተቀረጸው በማግስቱ ማታ ማስታወቂያው ሳይቆጠር ከ50 ደቂቃ በታች ሆኖ ይቀርባል። ስለዚህ ጥያቄው «ይሄ ሆኗል ወይ?» ብቻ አይሁን፤ «ከዚያ ሁሉ ሰዓት ይሄን ለምን መረጡት?» በሉ።

አንድን ክፍል ሦስት ጊዜ እዩ። አንደኛ ሳታቋርጡ። ሁለተኛ ድምፁን አጥፍታችሁ፤ ማን ማንን እንደነካ፣ የት ቦታ (ጂም፣ ጓዳ፣ ሰገነት)፣ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ጻፉ። ትከሻ መታ ማድረግና ማቀፍ ለየብቻ ይቆጠሩ። ሦስተኛ ፊታችሁን አዙራችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ፤ ሙዚቃ መቼ እንደሚገባና ተራኪው መቼ እንደሚቀልድ መዝግቡ። ተራኪው ኢያን ስተርሊንግ የስኮትላንድ ኮሜዲያን ነው፤ ወንድ ሲያለቅስ ቀልዱ ከስንት ሰከንድ በኋላ እንደሚመጣ ለኩ። ለቅሶውን ተመልካች እንዲሸከመው ተትቷል ወይስ ወዲያው ተስቆበታል? በመጨረሻ ስለ ወንድነት የሚናገረው ይሄ ቁጥር ነው። ለሦስቱም ዙር ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙ፤ መብራት ስለማይታመን አስቀድማችሁ አውርዱት።

ከተለያየ ቦታ ተቆርጦ የተገጣጠመ ንግግር የሚታወቀው የተናጋሪውን ፊት በማየት ነው። ሰውዬው ሲናገር ፊቱ ይታያል፤ ከዓረፍተ ነገሩ መሐል ካሜራው ወደ ሰሚው ወይም ወደ ውሃው ይዞራል፤ የድምፁ ከፍታ በትንሹ ይለወጣል። እዚያ ቦታ ላይ ጥያቄ ምልክት አድርጉ። ውሸት ነው አትበሉ፤ ማስረጃ አይሆንም በሉ።

የታወቀ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2018 አለ። ጃክ የድሮ ፍቅረኛው ካሳ አሞር ስትገባ የደነገጠበት ቅንጭብ ብቻ ተቆርጦ ለጥንዱ ለዳኒ ዳየር ታየ፤ ታማኝነቱን የሚያሳየው ቀረ። ለኦፍኮም (የእንግሊዝ ብሮድካስት ተቆጣጣሪ) ከ2,600 በላይ አቤቱታ ገባ።

አሁን ባችለር። የ2019ኙ ባችለር ኮልተን አንደርውድ የቀድሞ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነበር፤ ፕሮግራሙ የሸጠው «ድንግሉ ባችለር» ብሎ ነው። ሙሉ ወቅቱ «ይሄን የመሰለ ጎረምሳ እንዴት?» በሚል ጥያቄ ዙሪያ ሲሽከረከር ከርሞ፣ ሚያዝያ 2021 በቴሌቪዥን ቀርቦ ግብረ ሰዶማዊ መሆኑን ተናገረ። ያንን ወቅት አሁን መልሶ ማየት ጡንቻና አጥር መዝለል እንዴት እንደ መልስ እንደቀረቡ ያሳያል። ጓደኝነት የለበትም፣ እውነት ነው፤ ወንድነት ግን ሞልቶበታል።

መርሳ

ስለ እጅ መያያዙ ልመልስ። «እኛ ነፃ ነን፣ እነሱ ይፈራሉ» ብላችሁ እንዳትጀምሩ፤ የሚጣፍጥ ግን ሰነፍ መልስ ነው። ምልክቱ የተሰካበት ቦታ ነው የሚለየው። እኛ ዘንድ የወንድ እጅ መያያዝ ከፍቅር ጋር አይያያዝም፤ ወንድና ሴት መንገድ ላይ ቢያያዙ ነው ነገር የሚሆነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ጥንድ መሆን በአደባባይ ስለሚነገርና በእጅ ስለሚገለጽ፣ ወንዶች ሲያያዙ ማብራሪያ ይጠየቃል። «ብሮማንስ» የምትለዋ ቃል ያቺ ማብራሪያ ናት፤ ፍቅር ነው፣ ግን ያኛው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ላቭ አይላንድ ላይ ክሪስ ሂዩዝና ኬም ቸቲናይ ከሴቶቹ ባልተናነሰ እንደ ጥንድ ተወደዱ፤ አሸናፊዎቹ ኬምና ጥንዱ አምበር ቢሆኑም፣ በኋላ ራፕ ያወጡትና የራሳቸው ፕሮግራም የተሰጣቸው ሁለቱ ወንዶች ናቸው። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ሴት ስለያዙ ነው ያለ ስጋት የተወደዱት። ሴቷ ዋስ ናት።

ዋስ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ላቭ ኢዝ ብላይንድ የመጀመሪያ ወቅት ላይ አለ። ካርልተን ከታጨ በኋላ ከወንዶችም ጋር ፍቅር ይዞ እንደሚያውቅ ለእጮኛው ለዳያመንድ ነገራት፤ በማግስቱ ተጣልተው ተለያዩ። ክርክሩ ሁለት ነው፤ ስለ ማንነቱና ዘግይቶ ስለመናገሩ። ክበቡ ሁለቱን ካደባለቃቸው ውይይቱ እዚያው ይሞታል።

በ2021 የአይቲቪ ኃላፊ የተመሳሳይ ፆታ ተወዳዳሪ ማስገባት ለላቭ አይላንድ ፎርማት የአሠራር ችግር አለው አሉ። ሒሳቡን ካያችሁት ደስ ይላል። አር ዩ ዘ ዋን የሚባለው የኤምቲቪ ጨዋታ 10 ወንድና 10 ሴት ሲያጣምር 3,628,800 አማራጭ አለው። በ2019 ማንም ከማንም የሚጣመርበት 16 ሰው አስገባ፤ አማራጩ 2,027,025። ሰው ስለቀነሰ ነው፣ ግን ጨዋታው ሠርቷል። ችግሩ ያለው «አንድ ማታ ወንዶች፣ አንድ ማታ ሴቶች ይምረጡ» የሚለው የቦርከና ሕግ ላይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለመሪው። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት የተመሳሳይ ፆታ ወሲብ እዚህ ወንጀል ነው። ስለዚህ ወሬው ስክሪን ላይ ስላሉት ይሁን፤ «ከመሐላችን ማን…» የሚል ጥያቄ፣ በቀልድም ቢሆን፣ አስቀድሞ ይከልከል። ተረብ ሰው ይጎዳል።

ጦሳ ስር

አላህ ይስጥልን፣ ሁላችሁም። ለቅሶውን በሰከንድ መለካቱን ወደድነው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ከሚለው ጋር እናያይዘው?

ሐይቅ ዳር

አያይዙት፣ ግን ሙሉውን። የቅሬ (የወሎ እድር) ለቅሶ ላይ ወንድ በአደባባይ ያለቅሳል፣ የሚነቅፈውም የለም። የሚከለከለው በሴት ምክንያት ማልቀስ ነው። ላቭ አይላንድ ላይ ተገላቢጦሽ ነው፤ ወንዱ ካሜራ ፊት በብዛት የሚያለቅሰው በፍቅር ጉዳይ ነው። ሰንጠረዡ ላይ «በምን ምክንያት አለቀሰ» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ። ጓደኛ ሲወጣበት የሚያለቅሰውን ከዚያ ለዩት፤ እሱ ወደ ቅሬው ይጠጋል።