የደም አሚኖ አሲድ ምርመራ ለአእምሮ ሕመም፦ ይታዘዝ ወይስ ይቅር?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ በአእምሮ ሕመም የሚታከም ሰው ሁሉ በደሙ ውስጥ ያለው የአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣት) መጠን ሊለካለት ይገባል ወይ?

አስታማሚ እህት፦
ይገባል። ወንድሜ ድባቴ ከያዘው አራት ዓመት ሆነው፤ መድኃኒቱ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ደሙ ግን ለዚህ ተብሎ አንድ ቀን እንኳ አልተመረመረም። የስኳር ታማሚ ጣቱን ወግቶ ቁጥሩን ሲያይ፣ የእኛ ታማሚ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» በሚል ጥያቄ ብቻ መመዘኑ ያንገበግበኛል። ከስሜት ጋር የተያያዘው የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል፣ ሴሮቶኒን፣ የሚሠራው ትሪፕቶፋን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ነው፤ እርሱን ደግሞ ሰውነታችን ስለማይሠራው የምናገኘው ከምግብ ነው። ጎድሎ እንደሆነ ማወቅ ምን ይጎዳል?

የሥነ አእምሮ ሐኪም፦
እህቴ፣ ቁጭትዎ ይገባኛል፤ በድምዳሜዎ ግን አልስማማም። ትሪፕቶፋን ወደ አንጎል የሚገባው ከታይሮሲን፣ ከሊውሲንና ከሌሎች አሚኖ አሲዶች ጋር በአንድ በር እየተሻማ ስለሆነ፣ የደም መጠኑ ብቻውን አንጎል ምን ያህል እንደደረሰው አይናገርም። ተመራማሪዎች ትሪፕቶፋን የሌለው የአሚኖ አሲድ ድብልቅ አጠጥተው መጠኑን በሰዓታት ውስጥ ዝቅ ሲያደርጉት፣ በሴሮቶኒን ላይ በሚሠራ መድኃኒት ካገገሙ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ድባቴው ለጊዜው ተመልሶባቸዋል፤ የጤነኞቹ ስሜት ግን በአብዛኛው አልተለወጠም። ግንኙነቱ እውነት ነው፤ አንድን ሰው ታማሚ ነው ወይም አይደለም ለማለት ግን አያበቃም።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
በተግባር የማየውን ልጨምር። የደሙ ቱቦ ሙቀት ላይ ከቆየ ግሉታሚን የሚባለው አሚኖ አሲድ እየቀነሰ ግሉታሜት የሚባለው ይጨምራል፤ ስለ ስኪዞፍሬንያ (ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ብዙ የሚወራለትም ይኸው ግሉታሜት ነው። ታማሚው ሳይበላ መጥቶ፣ ደሙም ወዲያው ተለይቶ ካልቀዘቀዘ፣ የምንጽፈው ቁጥር የሕመሙ ሳይሆን የአያያዛችን ይሆናል።

አስታማሚ እህት፦
የአያያዝ ጉድለት ይታረማል እንጂ ምርመራ አያስቀርም። በ1934 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ አንዲት እናት የሁለት ልጆቿን የአእምሮ ዕድገት መዘግየት ምክንያት ሳታገኝ አላርፍም ብላ ወደ ሐኪሙ አስቢዮርን ፎሊንግ ባትሄድ፣ ፊኒልኬቶንዩሪያ (ሰውነት ፊኒልአላኒን የሚባለውን አሚኖ አሲድ በአግባቡ መጠቀም የሚያቅተው በዘር የሚወረስ ሕመም) መቼ ይታወቅ ነበር? ዛሬ በብዙ አገሮች ከጨቅላ ተረከዝ በሚወሰድ ጠብታ ደም ፊኒልአላኒን ይለካል፤ ከፍ ብሎ የተገኘበት ልጅም ምግቡ ቶሎ ተስተካክሎለት አእምሮው ይተርፋል።

የሥነ አእምሮ ሐኪም፦
በዚህ ረትተውኛል፤ መንስኤው በታወቀበትና መፍትሔው ባለበት ቦታ መለካት ግዴታ ነው። ሆሞሲስቴይንም ሌላ አሚኖ አሲድ ነው፤ ቫይታሚን ቢ12 ሲያንስ ይጨምራል፣ የቢ12 እጥረት ደግሞ ራሱ ድባቴ ሊያመጣ ስለሚችል ወንድምዎ ይህን ቢመረመር እደግፋለሁ። የምፈራው ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣውን ነው፦ በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የትሪፕቶፋን እንክብል ከ1,500 በላይ ሰዎችን አሳምሞ ከ30 በላይ ገድሏል፤ ምርቱ ከአንድ አምራች ፋብሪካ መምጣቱም ተደርሶበታል።

አስታማሚ እህት፦
እንክብል በራሴ አልገዛለትም፤ የቢ12 ምርመራውንም በሚቀጥለው ቀጠሮ እጠይቃለሁ። «ሁሉም ታማሚ» ያልኩትን እተዋለሁ፤ መድኃኒት እየተቀየረለት ሳይሻለው ዓመታት ለሚቆጥር ሰው ግን «ምን እንለካለት?» ብሎ መጠየቅ የሐኪሙ ድርሻ እንጂ የእህቱ ብቻ መሆን የለበትም።