ጥቆማ፦ ለጥርስ ሳሙና፣ ለብሩሽ እና ለጥርስ ሕክምና ምርጫ

በቤተሰብ የጥርስ ሕክምና ለሚሠራ ሐኪም ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች ሁሉ የሚበዛው «የትኛውን ልግዛ?» የሚለው ነው። መደርደሪያው በቱቦና በጠርሙስ ተሞልቶ፣ እያንዳንዱም የራሱን ተአምር እየለፈፈ ሲጠብቀው ገዢው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በዚህ ጥቆማ የንግድ ስም አልጠራም፤ ቁም ነገሩ ያለው ከማሸጊያው ፊት በደማቁ ከተጻፈው ይልቅ ከጀርባው በደቃቁ ከተጻፈው ላይ ነውና።

ከጥርስ ሳሙና ልጀምር። ማሸጊያውን አዙራችሁ መጀመሪያ ልታዩት የሚገባው ፍሎራይድ መኖሩንና መጠኑን ነው። መጠኑ ብዙውን ጊዜ «ፒፒኤም» በተባለው መለኪያ ይጻፋል፤ ለአዋቂ ከ1350 እስከ 1500 ያለውን እመርጣለሁ። ይህን ያህል የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥርስ ላይ የሚለጠፈው የባክቴሪያ ንጣፍ ከምንበላውና ከምንጠጣው ስኳር አሲድ ያመርታል፤ በዚያ ስፍራ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 አካባቢ በታች ሲወርድ የጥርሱ ውጫዊ ሽፋን፣ ማለትም ኢናሜል፣ ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። ምራቅ አሲዱን ሲያረግበው ደግሞ ከተለቀቀው ማዕድን የተወሰነው ወደ ቦታው ይመለሳል። ፍሎራይድ ይህን መመለስ ያፋጥናል፤ ከእርሱ ጋር ተዋሕዶ የሚሠራው ማዕድንም ከቀድሞው ይልቅ አሲድን ስለሚቋቋም ፒኤች ወደ 4.5 እስኪጠጋ ድረስ በቀላሉ አይሟሟም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙናን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባውም ሳሙናው ከመዋቢያነት ያለፈ ሥራ ስለሚሠራ ነው። ስለዚህ ርካሹ ባለ 1450 ፒፒኤም ሳሙና፣ በዕፀዋት ሥዕል አጊጦ «ተፈጥሯዊ» ከሚባለው ፍሎራይድ አልባ ውድ ሳሙና ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባለው ማዕድን የተጨመረባቸው ሳሙናዎች ተስፋ የሚሰጡ ቢሆኑም እንደ ፍሎራይድ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የተፈተነ ማስረጃ የላቸውምና ለመቦርቦር የተጋለጠ ሰው በእነርሱ ብቻ እንዲተማመን አልመክርም።

ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ጥርሱን ለሚጠዘጥዘው ሰው የሚዘጋጁት ሳሙናዎች በእርግጥ ልዩነት አላቸው፤ ፖታሲየም ናይትሬት ወይም ስታነስ ፍሎራይድ የያዘውን ፈልጉ። ውጤቱ ግን በአንድ ቀን አይታይም፤ በየቀኑ ሳይቋረጥ ለጥቂት ሳምንታት መጠቀም ይጠይቃል። ሕመሙ ብዙ ጥርሶችን የሚነካ ሳይሆን አንድ ጥርስ ላይ ብቻ የጸና ከሆነ፣ በተለይም ትኩስ ነገር የሚያስነሣውና ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ሳሙና መቀየር ጊዜ ማባከን ነው፤ የጥርሱ ነርቭ ታምሟል ማለት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ጥርስ ያነጣሉ የሚባሉት ሳሙናዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በሻይ፣ በቡናና በትምባሆ የመጣውን የላይ ቀለም በመፋቅ ሲሆን የጥርሱን የራሱን ቀለም አይለውጡም። የከሰል ዱቄትና ከሰል የተቀላቀለበት ሳሙና ደግሞ ከሁሉም ይልቅ የማልመክረው ነው፤ ብዙዎቹ ፍሎራይድ የላቸውም፣ ፍቀታቸውም ኢናሜልን እያሳሳ ከሥሩ ያለውን ቢጫ የሆነውን ደንቲን ያጎላዋል፤ ለማንጣት የተገዛው ነገር ውሎ አድሮ ጥርሱን ያጠይመዋል። የጥርስን ቀለም በእውነት የሚለውጠው የፐርኦክሳይድ ሕክምና ነው። በሐኪም ክትትል በልክ በተሠራ የጥርስ ማቀፊያ ቤት ውስጥ የሚደረገውና 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ የያዘው ዘዴ ረጅም ጊዜ የተሞከረ ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ በአንድ ቀጠሮ ከሚደረገው ጠንካራ ሕክምና ይልቅ ቢዘገይም፣ የሚያስከትለው መጠዝጠዝ ብዙውን ጊዜ ይቀላል። ሙሌትና ዘውድ (ጥርሱን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ቆብ) ግን በዚህ መድኃኒት እንደማይነጡ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ ካልሆነ አፉ ሁለት ዓይነት ቀለም ይይዛል።

የብሩሽ ምርጫ ብዙ አያነጋግርም፦ ጸጉሩ ለስላሳ፣ ራሱ ትንሽ ይሁን። ጠንካራ ብሩሽ የተሻለ ያጸዳል የሚለው እምነት ድድን ያሸሸና የጥርስን አንገት የቦረቦረ ነው፤ የሚያጸዳው ጉልበት ሳይሆን ጊዜና አቅጣጫ ነው። ብሩሹን ወደ ድዱ ጠርዝ አዘንብሎ፣ በቀን 2 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለ2 ደቂቃ ያህል፣ በቀስታ መቦረሽ ይበቃል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ብሩሽ ይሻል እንደሆነ ለሚጠይቁኝ መልሴ «አዎን፣ ግን በመጠኑ» የሚል ነው፤ የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት ግምገማ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳየው ከ3 ወር በላይ ሲሠራበት ከእጅ ብሩሽ ጋር ሲነጻጸር ንጣፉን በ21 በመቶ፣ የድድ ብግነትን ደግሞ በ11 በመቶ ይቀንሳል። በእጅ ብሩሽ በትዕግሥት የሚያጸዳ ሰው መቀየር አያስፈልገውም። እጁ ለሚንቀጠቀጥ፣ መገጣጠሚያው ለሚያመው፣ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ላደረገ ወይም ሳያስበው አጥብቆ ለሚፍቅ ሰው ግን ገንዘቡ የሚያወጣ ዕቃ ነው፤ ይህ የመጨረሻው ሰው ሲጫኑት የሚያስጠነቅቀውን ዓይነት ይምረጥ። ብሩሽ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ከ3 ወር ገደማ በኋላ ወይም ጸጉሩ ሲንጨባረር ይቀየር።

ከቦረሹ በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ አፍን በውሃ ደጋግሞ መጉመጥመጥ አይመከርም፤ የተከፈለበት ፍሎራይድ ሥራውን ሳይጀምር ታጥቦ ይሄዳል። ይህን ስናገር ከሕክምና ወንበሩ የሚሰማኝ ተቃውሞ ከየትኛውም ምክሬ ይበልጣል። የማታው መቦረሽ ከጠዋቱ ይልቅ መታለፍ የሌለበት ነው፣ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ። ጎምዛዛ መጠጥ ከጠጡ ወይም ካስመለሳቸው በኋላ ግን ወዲያው መቦረሽ የላላውን ኢናሜል መፋቅ ስለሚሆን በውሃ ተጉመጥምጦ ግማሽ ሰዓት ያህል መታገሥ ይበጃል።

በጥርሶች መካከል ብሩሽ አይደርስም። እዚያ የሚያገለግሉት ሁለት ዕቃዎች የጥርስ ክርና ትንንሽ የመሐል ብሩሾች ናቸው። ክፍተቱ የመሐል ብሩሽ የሚያስገባ ከሆነ እርሱን አስቀድሙ፤ ከክር ይልቅ አጠቃቀሙ ይቀላል፣ በተለይ ድዳቸው ለሸሸባቸው ሰዎች ይበልጥ ያጸዳል። ጥርሳቸው ለተጠጋጋ ክሩ ይቀራል። በውሃ ግፊት የሚሠራው መሣሪያ ሽቦ ወይም ተከላ ጥርስ ላላቸው ጥሩ ተጨማሪ ነው፤ ተለጣፊውን ንጣፍ ግን እንደ ክርና እንደ ብሩሽ ፍቆ አያነሣም። መጀመሪያ ሰሞን ድድ ቢደማ ብዙዎች ደንግጠው ያቆማሉ፤ ደሙ አብዛኛውን ጊዜ የብግነት ምልክት ስለሆነ ማጽዳቱን በቀስታ መቀጠል ነው የሚሻለው። ከ2 ሳምንት በላይ ከቀጠለ ግን ይመርመር።

የአፍ መጉመጥመጫ ፈሳሾችን በአጭሩ ልለፋቸው፦ ለብዙው ሰው ግዴታ አይደሉም፣ የመቦረሽንም ቦታ አይተኩም። ክሎረሄክሲዲን የያዘው ግን መድኃኒት ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለ2 ሳምንት ገደማ፣ ይወሰዳል፤ ሲረዝም ጥርስን ያጠቁራል፣ ጣዕምንም ያዛባል። የጥርስ ሳሙና ኃይሉን ስለሚቀንስበት ሁለቱን በግማሽ ሰዓት ያህል ማራራቅ ያስፈልጋል።

የሕፃናትን ነገር ለይቼ የማየው ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ እንዳለች ፍሎራይድ ባለው ሳሙና፣ ቢያንስ 1000 ፒፒኤም በሆነው፣ መቦረሽ ይጀመር፤ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ ትደረግ። ልጁ ሳሙናውን አዘውትሮ ከዋጠው በሚበቅሉት ቋሚ ጥርሶች ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሊያስከትል ስለሚችል ቱቦው ከእጁ ይራቅ። እስከ 7 ወይም 8 ዓመቱ ድረስ የሚቦርሸው ወይም ቢያንስ ጨራሹ ወላጅ ይሁን። በ6 ዓመት ገደማ ከመጨረሻዋ የወተት ጥርስ ኋላ የምትወጣው መንጋጋ ማንንም ሳታስነቅል በጸጥታ ስለምትበቅል የወተት ጥርስ እየመሰለቻቸው የሚተዉአት ወላጆች ብዙ ናቸው፤ እርሷ ግን ዕድሜ ልክ የምታገለግል ቋሚ ጥርስ ናት። ከክሊኒክ አገልግሎቶች ሁሉ ለልጅ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የዚህችን መንጋጋ ስንጥቆች በማሸጊያ፣ ማለትም ስንጥቁን በሚሸፍን ቀጭን መከላከያ፣ ማስደፈን እመርጣለሁ፤ መቦርቦሪያ ማሽንም ማደንዘዣም አይጠይቅም። የፍሎራይድ ቅባትም ቀላልና ፈጣን ነው፤ ማሸጊያ የሚደፍነው የማኘኪያውን ገጽ ብቻ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይተካም።

አሁን ወደ ሕክምና ቤት ምርጫ ልግባ። የሚያብረቀርቅ እንግዳ መቀበያ ምንም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ መሣሪያው ከታሸገ ከረጢት በፊታችሁ ሲወጣ ማየት፣ ጓንት ለእያንዳንዱ ታካሚ መቀየሩ፣ መሣሪያዎች በእንፋሎት ማምከኛ ማሽን መጽዳታቸውን ስትጠይቁ ያለ ቅያሜ መመለሱ ነው። ጥሩ ሐኪም አፍ ከማስከፈቱ በፊት ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር ሕመም፣ ስለ እርግዝናና ስለምትወስዱት መድኃኒት ይጠይቃል፤ ሲያስፈልግ ራጅ ያነሣል፤ ከአንድ በላይ አማራጭ አቅርቦ የእያንዳንዱን ጥቅም፣ ጉዳትና ዋጋ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ያስረዳል። ምንም ሕመም ሳይኖራችሁ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ጥርስ እንዲሞላ ወይም ዘውድ እንዲደረግ ከተነገራችሁ ራጁን ተቀብላችሁ ሌላ ሐኪም ማማከር መብታችሁ ነው።

ከሙሌት ዓይነቶች ነጩ ኮምፖዚት መልኩ ያምራል፣ ከጥርሱም ጋር ይጣበቃል፤ ሲሠራ ግን ጥርሱ ፈጽሞ ደረቅ መሆን አለበት። ግላስ አዮኖመር ፍሎራይድ ይለቃል፣ እርጥበትንም በተሻለ ይታገሣል፤ ስለዚህ ለወተት ጥርስና ለጥርስ አንገት ይስማማል፣ በጠንካራ ማኘክ ግን ቶሎ ያልቃል። ብርማው አማልጋም ለኋላ መንጋጋ ለረጅም ዘመን ያገለገለ ጠንካራ ሙሌት ቢሆንም ሜርኩሪ ስላለበት እ.ኤ.አ. በ2013 ከጸደቀው፣ ሜርኩሪን ከሚገድበው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ወዲህ አጠቃቀሙ እየቀነሰ ነው። ደህና የተቀመጠ አሮጌ አማልጋምን ያለ ምክንያት ማስፈልፈል ግን አልመክርም።

ነርቩ የታመመ ጥርስ ላይ የሥር ሕክምና (የታመመውን ነርቭ አውጥቶ ሥሩን መድፈን) እና ማስነቀል ሲነጻጸሩ በቀን ሒሳብ ማስነቀል ይቀላል፤ የተነቀለው ቦታ ክፍት ሲቀር ግን ጎረቤት ጥርሶች ያዘነብላሉ፣ መተኪያውም ተከላ ይሁን ድልድይ ሌላ ወጪ ነው። የሚድን ጥርስ፣ በተለይ መንጋጋ፣ ይዳን የምለው ለዚህ ነው፤ ከድድ በታች የተሰነጠቀ ወይም አጥንቱ ያለቀበት ሲሆን ግን መንቀል ትክክለኛ ሕክምና ነው። ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት እየዋጡ የጥርስ ሕመምን ማስታገሥ ከሁለቱም አማራጮች አይቆጠርም፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ሰውነት ሲዛመት ይታዘዛል እንጂ የሞተው ነርቭ ውስጥ ደም ስለማይደርስ መድኃኒቱም አይደርስም።

ጥርስ ማሳጠብ ጥርስን ያነቃንቃል የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አርቋል። የሚያነቃንቀው በጥርስ ድንጋዩ፣ ማለትም በጠጠረው ንጣፍ፣ ሥር ለዓመታት የቆየው የድድ በሽታ ነው፤ ድንጋዩ ሲነሣ የነበረው ክፍተት ይገለጣል፣ ለጥቂት ቀንም ሊጠዘጥዝ ይችላል። ሁሉም ሰው በየ6 ወሩ ይምጣ የሚለው ደንብ ደግሞ ለሁሉም አይሠራም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ የአዋቂዎችን ቀጠሮ እንደየአደጋቸው መጠን ከ3 ወር እስከ 24 ወር ያደርገዋል፤ ለአጫሾች፣ ስኳር ሕመም ላለባቸውና ቶሎ ቶሎ ለሚቦረቦርባቸው አጭሩን፣ አፋቸው ጤናማ ለሆነው ረጅሙን መምረጥ ያስኬዳል።

ክሊኒክ ስትመርጡ ድንገተኛ ሕመምተኛ በዕለቱ ይቀበል እንደሆነም ጠይቁ። በመውደቅ ተነቅላ የወጣች ቋሚ ጥርስ ጊዜ አትሰጥምና፤ ጫፏን እንጂ ሥሯን ሳይነኩ መያዝ፣ ከቆሸሸች ለአፍታ ማለቅለቅ፣ ከተቻለ ወዲያው ወደ ቦታዋ መመለስ፣ ካልተቻለ በወተት ውስጥ አድርጎ በተቻለ መጠን በ1 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። የወተት ጥርስ ከሆነች ግን ከሥሯ የምትበቅለውን ቋሚ ጥርስ እንዳትጎዳ ወደ ቦታዋ አትመለስም።