ምጥ መሆኑን በምን ልወቅ? መቼስ ከቤት ልውጣ? (የመጀመሪያ ልጅ)

የመጀመሪያዬ_ነው

ሰላም እህቶች። 38ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ፤ የመጀመሪያ ልጄ ነው። ክትትሌ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ባለው ጤና ጣቢያ ነው። ግፊቴም ደሜም ደህና ነው፣ የልጁም ራስ ወደ ታች ዞሯል ብለውኛል።

ባለፈው ሌሊት ሆዴ እየጠጠረ፣ ወገቤን እየቆረጠኝ አላስተኛኝ አለ። ባሌን ቀስቅሼ ቦርሳችንን ይዘን ሄድን። ሲያዩኝ የማህፀን በርሽ የተከፈተው ገና 1 ሴንቲ ነው፣ ምጥሽ አልጀመረም፣ ቤትሽ ሂጂ ተባልኩ። ስንመለስ ጎረቤቶች ግቢ ውስጥ «ወለድሽ እንዴ?» ሲሉኝ አፈርኩ። ሁለተኛ እንደዚያ ሆኜ መመለስ አልፈልግም፤ ግን ቤት ወይም ታክሲ ውስጥ እንዳልወልድም እፈራለሁ። እናቴ ጎንደር ናት፣ የምትመጣው ለአራስነቴ ነው። አማቴ ደግሞ ተልባ ጠጪ፣ ምጡን ያቀልልሻል ትለኛለች።

እውነተኛውን ምጥ በምን ለያችሁት? መቼ ወጣችሁ? ውስጥስ ምን ያደርጋሉ? የማውቃቸውን ሴቶች ስጠይቅ «ሲመጣ ታውቂዋለሽ» ብለው ይስቁብኛል። እኔ ማወቅ የምፈልገው አሁን ነው።

የቃል_እናት

«ታውቂዋለሽ» ሲሉኝ እኔም ብሽቅ ነበር የምለው። የኔ አራት ወሩ ነው፣ ገና አልረሳሁትም፤ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ያየሁት ደም የነካካው ንፍጥ መሰል ፈሳሽ ነው። ደንግጬ ስደውል ሲስተሯ «የማህፀን በር ላይ የነበረው ነው የወጣው፤ ምጡ ዛሬም ሊመጣ ይችላል፣ ከቀናት በኋላም። ደሙ እንደ ወር አበባ ከሆነ ግን ቶሎ ነይ» አለችኝ። ማታ ላይ የወር አበባ ቁርጠት የመሰለ ነገር ጀመረኝ። ከዚያ በፊት ይመጣብኝ የነበረው የውሸቱ ምጥ ዘወር ዘወር ስል ወይም ገላዬን በሞቀ ውሃ ስለቃለቅ ይተወኝ ነበር። ይሄኛው ብቆምም ብተኛም አልሰማኝም። ከወገብ ይነሳና ወደ ፊት ይዞራል፣ ከዚያ ምንም እንዳልነበረ ይለቃል። ያ መልቀቁ ነው የሚያታልለው፤ በመሀል ከባሌ ጋር ስንስቅ «ይሄም ውሸት ነው» እል ነበር።

ሲጠጋጋ ባሌ በስልኩ ሰዓቱን ይመዘግብ ጀመር። አጥሚት ጠጣሁ፣ ፍርፍር ቀማመስኩ፤ በኋላ ጉልበት የሆነኝ እሱ ነው። ሊነጋጋ ሲል በየአምስት ደቂቃው ሆነ፤ ሲመጣብኝ ግድግዳ ይዤ መቆም እንጂ ቃል ማውጣት አልቻልኩም። ያኔ ወጣን። ስደርስ 5 ሴንቲ ነበርኩ።

ማንም ያልነገረኝ ግን ይሄ ነው፦ መድረስ ማለት መውለድ አይደለም። እስከ ከሰዓት ድረስ ነው ያማጥኩት። በየግማሽ ሰዓቱ የልጁን ልብ ያዳምጣሉ፣ ሆድሽ ላይ እጃቸውን አድርገው ምጡን ይቆጥራሉ፣ በየአራት ሰዓቱ ደግሞ የማህፀን በርሽ ምን ያህል እንደተከፈተ በጣት ያያሉ። በተረፈ ብቻሽን ከምጡ ጋር ነሽ። ኮሪደሩ ላይ ተራመድኩ፤ እህቴ ምጡ በመጣ ቁጥር ወገቤን በመዳፏ ትጫነኝ ነበር፣ ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ነው። መጨረሻው አካባቢ አንቀጠቀጠኝ፣ አስመለሰኝ፣ «በቃኝ፣ ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» አልኩ። ሲስተሯ «እንዲህ ካልሽማ ቀርበሻል» አለችኝ። እውነትም ትንሽ ቆይቶ ሰገራ የመጣብኝ መሰለኝና ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ለመንኳት። ልጁ ነበር! (አዎ፣ ስትገፊ ትንሽ ሰገራም ሊወጣ ይችላል። ጠርገው ይቀጥላሉ፤ ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም።)

ጭንቅላቱ ብቅ ሲል በርበሬ እንደነካው ቁስል ያቃጥላል። «አሁን አትግፊ፣ እፍ እፍ በይ» ሲሉሽ ስሚያቸው፤ ብዙ እንዳትቀደጂ ነው። እንደወጣ ደረቴ ላይ አደረጉት፣ ጭኔን መርፌ ወጉኝ፣ እንግዴ ልጁም ወጣ። ስፌት ነበረኝ፤ ማደንዘዣው በደንብ ሳይዘኝ ሲጀምሩ ተናገርኩ፣ ጨመሩልኝ። ካመመሽ ተናገሪ፣ አትቻይው።

አዋላጅ_ከደሴ

የቃል እናት ጥሩ አድርጋ ነግራሻለች፤ እኔ ከሙያው በኩል ልጨምር።

ለመጀመሪያ ልጅ፣ ቤትሽ ሩቅ ካልሆነና ክትትልሽ ሰላም ከሆነ፣ ምጡ በየአምስት ደቂቃው እየመጣ፣ አንዱ አንድ ደቂቃ ያህል እየቆየ፣ እንዲህ ሆኖ አንድ ሰዓት ከቀጠለ ተነሺ። መንገድ የሚዘጋበት ሰዓት ከሆነ ወይም ቤትሽ ሩቅ ከሆነ ቀደም በይ። የመጀመሪያ ልጅ ብዙ ጊዜ ታክሲ ውስጥ አይወለድም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዋናው ምጥ የሚቆጠረው ከ5 ሴንቲ ጀምሮ ነው፤ ለመጀመሪያ ልጅ ከዚያ በኋላ እስከ 12 ሰዓት ሊሄድ ይችላል፣ መግፋቱ ደግሞ እስከ 3 ሰዓት። ከ5 በፊት ያለው ግን ልክ የለውም፤ አንዳንዷን ቀን ሙሉ ያንገላታል። በ1 ሴንቲ የመለሱሽም ለዚህ ነው፤ እዚያ አልጋ ላይ ከምትጨነቂ ቤትሽ ብትበዪና ብትተኚ ይሻልሻል።

ምጥ ሳትቆጥሪ ወዲያው የምትመጪባቸው ነገሮች አሉ። የሽርት ውሃሽ ከፈሰሰ፣ ምጥ ባይኖርም ነይ፤ አረንጓዴ ወይም ቡና ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሩጪ። ደም ከፈሰሰሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዘሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለብሽ፣ ከጎድን አጥንትሽ ሥር ከወጋሽ፣ ካንቀጠቀጠሽ ወይም ካተኮሰሽ፣ ልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ አንዱንም ቤት ሆነሽ አታሳልፊ።

ተልባው ምግብ ነው፣ ምጥ ሲያቀል ግን አላየሁም። ኮሶና ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ቢያመጡልሽ እንዳትቀምሺ።

እማማ_አስካለ

ልጄ፣ እኔ ስድስት ወልጃለሁ፣ አራቱን ቤቴ። ተልባ ጠጥቼ ነው ሁሉንም የወለድኩት፣ አንድም ቀን አልጎዳኝም። ዋናው ጩኸት አታብዢ፣ ጉልበትሽን ይጨርሰዋል። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

አዋላጅ_ከደሴ

እማማ፣ ተልባውን እርስዎ እንዳሉት ትጠጣው፣ አልከለክልም። ጩኸቱን ግን ተዉላት። የምትጮህም አዋለድን፣ የምትዘምርም አዋለድን፣ «ማርያም ማርያም» የምትልም አለች። ትንፋሿን እስካልያዘች ድረስ ችግር የለውም። ቤት መውለዱ ላይ ግን አልስማማም፤ ደም ከወሊድ በኋላ ሲፈስ ቶሎ ነው የሚገድለው። ያ ጭን ላይ የሚሰጠው መርፌ ማህፀኑን አኮማትሮ ደሙን ለመከላከል ነው፣ ቤት ውስጥ የለም።

ከሜሪላንድ

እኔ እዚህ አሜሪካ ስወልድ ጀርባዬ ላይ ኤፒዱራል (የምጡን ሕመም የሚያደነዝዝ መርፌ) ተወግቼ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ሁሉ ወሰደኝ። ለምን ትሰቃያለሽ? ጠይቂያቸው።

የመጀመሪያዬ_ነው

እዚህ አለ እንዴ?

አዋላጅ_ከደሴ

ጤና ጣቢያ ላይ አትጠብቂው፤ የማደንዘዣ ባለሙያ ይፈልጋል። አንዳንድ የግል ሆስፒታሎች ይሰጣሉ፣ ዋጋውን አስቀድመሽ ጠይቂ። ካልሆነ መራመድ፣ በጎን መተኛት፣ ተንበርክኮ አልጋ መደገፍ፣ ወገብ ማሸት፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መሽናት። በጀርባሽ ብቻ ተንጋለሽ አትቆዪ።

አባወራው

ከወንድ በኩል ትንሽ። ባልሽ አሁኑኑ ሄዶ ማዋለጃ ክፍል ሰው ይገባ እንደሆነ ይጠይቅ። አንዳንዱ ቦታ ባል ይገባል፣ አንዳንዱ ቦታ ሴት ብቻ ነው የሚፈቅዱት፤ እኔ በር ላይ ነው የሰማሁት። ለሌሊት የሰፈር ባለ ታክሲ ስልክ ይዞ ያናግረው፤ «ሲደወልልህ ታነሳለህ ወይ» ብሎ። ካልተገኘ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የእሳትና አደጋ 939። የደም ዓይነትሽንም ይወቅ። ኔጌቲቭ ከሆንሽ ከወሊድ በኋላ የሚሰጥ መርፌ ስላለ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የመጀመሪያዬ_ነው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ልጁ ከወትሮው ያነሰ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። ወደ መጨረሻው ቦታ ስለሚጠበው ይቀንሳል ይላሉ። እስከ ነገ ልጠብቅ?

አዋላጅ_ከደሴ

አትጠብቂ፣ አሁን ሂጂ። እንቅስቃሴው ዓይነቱን ይለውጥ ይሆናል እንጂ መቀነስ የለበትም። «እንቅስቃሴ ቀነሰ» በያቸው፣ ልቡን ያዳምጡልሻል። ደህና ነው ብለው ቢመልሱሽ ደስ ይበልሽ።

የመጀመሪያዬ_ነው

ሄጄ መጣሁ። የልብ ምቱ 144 ነው፣ ደህና ነው አሉኝ። 2 ሴንቲ ሆነሻልም ብለውኛል። ሲስተሯ አልተቆጣችም፤ ነገም እንዲህ ከሆነ ነይ አለችኝ። ቦርሳዬን እንደገና እያየሁት ነው፤ ምን ይጎድለኝ ይሆን?

የያስሚን_እማ

አልሃምዱሊላህ! ቦርሳ ላይ ሰው ቤቱን ነው የሚጭነው። ክትትል ካርድሽ፣ መታወቂያ፣ ለአንቺ ሰፊ ቀሚስና ነጠላ ጫማ፣ ትልልቁን ሞዴስ፣ የማታዝኚበት የውስጥ ልብስ፣ ለልጁ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ሁለት ልብስ፣ ዳይፐርና ንጹሕ መጠቅለያ። አጥሚት በፔርሙስ፣ ቴምር፣ ውሃ። የስልክ ቻርጀር። መንግሥት ጤና ጣቢያ ወሊድ ነፃ ነው፣ ግን መድኃኒት ከውጪ ግዙ ቢሉ እንዳትቸገሩ ጥቂት ብር ይያዝ። ልጁን ገላውን ለማጠብ አትቸኩሉ፤ 24 ሰዓት ይለፈው። ቅቤ አታስውጪው፣ እንገሩ ብቻ ይበቃዋል፤ በመጀመሪያው ሰዓት አጥቢው።

ሥራ ላይ ከሆንሽ ደግሞ የወሊድ ፈቃድሽን ሳትጠይቂ አትቅሪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከነደመወዝሽ ነው። ለባልሽ 3 ቀን አለው፤ እሱም ቢሆን ለመሥሪያ ቤቱ አሁን ይንገር፣ ምጥ ቀጠሮ አይዝም። አላህ በሰላም ይገላግልሽ።